ቁጥር ማዕረግ አያውቅም

የዛሬው ጽሑፋችን የሚጀምረው በኑዛዜ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ የራሳችንን ጥፋት ሸሽገን ለሌላው ምክር ብንለግስ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረንም።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ሁለት ሆነን ወደ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። አንዳችን ስናስተምር አንዳችን ከኋላ ተቀምጠን እንመዘግባለን። የዕለቱ ትምህርት ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ነበር፤ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በስተቀር ሌላ አካፋይ ስለሌላቸው፣ በሁለተኛ ደረጃ ፕራይም እያልን ስለተማርናቸው ቁጥሮች ማለት ነው። በሰሌዳው ላይ 2፣ 3፣ 5፣ 7 ብለን ጀመርንና 83፣ 89፣ 91፣ 97 ብለን ደመደምን። ጠመኔውን አስቀምጠን እጃችንን ስናራግፍ ከመጨረሻው ዴስክ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ 91 እኮ 7 ጊዜ 13 ነው» አለች።

እኛስ ምን አልናት? «ቁጭ በይ! መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው የጻፍነው!» አልናት። ልጅቷ ተቀመጠች። የቀሩት ተማሪዎች 91ን በየደብተራቸው ገለበጡ። ከኋላ የተቀመጥነውም በመመዝገቢያችን ላይ «ክፍሉን በሚገባ ተቆጣጥሯል» ብለን ጻፍን።

ማታ መኝታ ክፍላችን ገብተን መጽሐፉን ስንገልጥ 91 የለም። ለካስ ከቃላችን ነበር የጻፍነው! 91ን ለ7 ብናካፍለው 13 ወጣ፤ ቀሪ የለውም። በማግስቱ የልምምዱ የመጨረሻ ቀን ነበር፤ የተሰጠን ክፍልም ሌላ ነበርና ሳናርም ተመለስን። ይህን በምንጽፍበት ሰዓት ያ 91 በነዚያ ልጆች ደብተር ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? መሳሳቱ ላይ ነው የሚሉ ይኖራሉ። በእኛ አስተያየት ግን መሳሳት የማንም ነው። ትልቁ ጥፋት «መጽሐፉ ስላለ ነው» ማለታችን ነው። ቁጥር እውነት የሚሆነው መጽሐፍ ስላለው፣ ወይም መምህሩ ከፍ ብሎ ስለቆመ ነው የሚል እምነት በልጆቹ ልብ ውስጥ አስቀመጥን። ይህ ደግሞ ከ91 ይልቅ ለመፋቅ የሚያስቸግር ስሕተት ነው። ይህን ለማስረዳት ከ91 በጣም ወደሚበልጥ አንድ ቁጥር እንሻገር።

ቁጥሩ 2,147,483,647 ነው። ሁለት ቢሊዮን ከ147 ሚሊዮን ከ483 ሺህ ከ647 ማለት ነው። ከየት መጣ? በመጀመሪያው ቀን አንዲት የጤፍ ፍሬ፣ በሁለተኛው ቀን ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ በአራተኛው ስምንት እያልን በየቀኑ የትናንቱን እጥፍ ወደ ጎተራ እናስገባ። በሦስተኛው ቀን ማታ ጎተራው ውስጥ 7 ፍሬ አለ፤ ይህም ከ8 አንድ የጎደለው ነው። በአምስተኛው ቀን ማታ 31 አለ፤ ከ32 አንድ የጎደለው ነው። በዚሁ ዓይነት በ31ኛው ቀን ማታ የሚገኘው ጠቅላላ ፍሬ ልክ 2,147,483,647 ይሆናል። 31 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው አንድ ሲቀነስ ነውና ባጭሩ 2³¹ − 1 ተብሎ ይጻፋል። ከትንሽነቷ የተነሣ የምንንቃት የጤፍ ፍሬ በአንድ ወር ኩንታሎችን ሞላች ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው። ከ1 እና ከራሱ በስተቀር የሚያካፍለው የለም። «በምን ታወቀ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ካለ እሰየው! ጽሑፋችን የተጻፈው ለዚሁ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1644 ማሪን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ አንድ ዝርዝር አወጣ። ሁለትን እያባዙ አንድ ሲቀንሱ ብቸኛ ቁጥር የሚገኘው፣ ሁለቱ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ጊዜ ሲጻፍና ሲባዛ ነው፤ እስከ 257 ድረስ ሌላ የለም አለ። መርሴን በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ሊቃውንት ጋር የሚጻጻፍ፣ የተከበረ ሰው ነበር። እነዚህ ቁጥሮችም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ነገር ግን ዝርዝሩ አምስት ስሕተት ነበረበት። 67 እና 257 ያለ ቦታቸው ገብተዋል፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘለዋል። ይህ ሁሉ ተጣርቶ እስኪያልቅ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። እንግዲህ የእኛ ተማሪዎች 91ን እንደገለበጡ ሁሉ የዓለም ሊቃውንትም 67ን ሲገለብጡ ኖረዋል ማለት ነው።

31ን በተመለከተ ግን መርሴን ልክ ነበር። ሆኖም ልክ መሆኑ የተረጋገጠው እሱ ስላለ አይደለም። ያረጋገጠው ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1772፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ማየት ባቆመበት ጊዜ። ዓይኑ የደከመ ሰው ይህን ሁሉ ቁጥር እንዴት አካፍሎ ጨረሰው? ምስጢሩ ጉልበት አይደለም፤ የማካፈሉን ሥራ ደረጃ በደረጃ ማሳነስ ነው። እስቲ አብረን እንየው።

ከ1 እስከ 2,147,483,647 ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ እያካፈልን እንሞክር ብንል፣ ሳንበላና ሳንተኛ 68 ዓመት ይፈጅብናል። ጡረታ ወጥተንም አንጨርሰውም! ግን ያን ያህል መድከም አያስፈልግም። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ፣ ሁለቱም በጣም ትልቅ ሊሆኑ አይችሉም። 46,341ን በራሱ ብናባዛው 2,147,488,281 ይሆናል፤ ይህም ከቁጥራችን ይበልጣል። ስለዚህ ቁጥራችን አካፋይ ካለው፣ አንደኛው አካፋይ የግድ ከ46,341 ማነስ አለበት። ከዚያ በላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። 68 ዓመቱ ወደ 13 ሰዓት ገደማ ወረደ ማለት ነው። ይኸው ሕግ ለ91ም ይሠራል፤ 10 ጊዜ 10 መቶ ስለሆነ ከ10 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም 2፣ 3፣ 5 እና 7ን መሞከር ይበቃል። አራት ማካፈል ብቻ! እኛ ያቺን ልጅ ለመገሠጽ የወሰደብን ጊዜ ለአራቱም ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ ከፈረንሳዊው ከፌርማ የመጣ ነው። የ2³¹ − 1 ብቸኛ አካፋይ ሁሉ፣ ካለ፣ ለ62 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። (62 ማለት የ31 እጥፍ ነው።) ይህን በትንሽ ቁጥር መፈተን ይቻላል። በ11ኛው ቀን ጎተራችን ውስጥ 2,047 ፍሬ አለ። 11 ብቸኛ ቁጥር ቢሆንም 2,047 ግን ብቸኛ አይደለም፤ 23 ጊዜ 89 ነው። የ11 እጥፍ 22 ነው። 23ን ለ22 አካፍሉ፤ 1 ይተርፋል። 89ን ለ22 አካፍሉ፤ አሁንም 1 ይተርፋል። ሦስተኛው ደረጃ፣ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 መትረፍ አለበት የሚል ነው። 23 ለ8 ሲካፈል 7 ይተርፋል፤ 89 ለ8 ሲካፈል 1 ይተርፋል። አየን አይደል?

ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ብናደርጋቸው ሊፈተኑ የሚገባቸው ቁጥሮች 63፣ 249፣ 311፣ 497፣ 559 እያሉ ይቀጥላሉ፤ አንድ ጊዜ 186፣ አንድ ጊዜ 62 እየጨመሩ ይሄዳሉ። እስከ 46,340 ድረስ ብንቆጥራቸው 373 ብቻ ናቸው። ከነዚህም ብዙዎቹ ገና ሲታዩ ይወድቃሉ። ለምሳሌ 249 ለ3 ይካፈላል። 249 ቁጥራችንን ቢያካፍል ኖሮ 3ም ባካፈለው ነበር፤ 3 ግን ለ62 ሲካፈል 1 አይተርፈውምና ከመጀመሪያው ከጨዋታው ውጭ ነው። በዚሁ ዓይነት 63፣ 497 እና 559 ይወድቃሉ። የሚቀረው 311 ነው። ቁጥራችንን ለ311 ብናካፍለው 6,905,092 ደርሶ 35 ይተርፋል። ቀጥሎ የሚቆመው 1,303 ነው፤ ለእሱ ሲካፈል 1,648,107 ደርሶ 226 ይተርፋል። እነዚህን ሁለቱን በእርሳስ ሠርተን አይተናል፤ እናንተም ሥሩና እዩ። ሁሉም እስኪያልቅ በዚሁ መቀጠል ነው። ቀሪ የሌለው አንድም አይገኝም።

ልብ እንበል። 373 ማካፈል ማለት ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ ልጅ ሰባት ወይም ስምንት ይደርሰዋል ማለት ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች እርሳስና ወረቀት ይዘው ኦይለር የደረሰበት እውነት ላይ በራሳቸው እጅ ሊደርሱ ይችላሉ። የማንንም ቃል መቀበል አያሻቸውም፤ የኛንም፣ የኦይለርንም።

አሁን ደግሞ ወደ ተሳሳተው 67 እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1876 ኤድዋርድ ሉካስ የተባለ ፈረንሳዊ 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ እንዳልሆነ አሳየ፤ አካፋዮቹን ግን አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1903 ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር በኒውዮርክ በተደረገ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ አቀረባቸው። ስለዚያ ዕለት ሲተረክ እንደኖረው፣ ኮል አንድም ቃል ሳይተነፍስ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄዶ ሁለትን እያባዛ አንድ ቀነሰና 147,573,952,589,676,412,927 ላይ ደረሰ። ከዚያም በሌላው የሰሌዳው ክፍል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አዳራሹ አጨበጨበ። ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ሲጠየቅም የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደወሰደበት መናገሩ ይተረካል።

ውድ እጩ መምህራን፣ እኛም እሱም በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመናል። እኛ ብዙ ተናገርን፤ ምንም አላሳየንም። እሱ ምንም አልተናገረም፤ ሁሉንም አሳየ። የሁለት መቶ ሃምሳ ዓመቱን የመርሴንን ስም ያሸነፈው ማንኛውም የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው በሚችል ማባዛት ነው። ያች ከኋላ የተቀመጠች ልጅም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ 7 ጊዜ 13 አለች። ለኮል ተጨበጨበለት፤ እሷ ግን «ቁጭ በይ!» ተባለች።

«ኧረ ለመሆኑ እንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር ምን ይጠቅማል?» የሚለን አይጠፋም። ይህም አዲስ ጥያቄ አይደለም። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1811 በጻፈው መጽሐፍ፣ ከ2³¹ − 1 የሚሠራው ፍጹም ቁጥር ወደፊት ከሚገኙት ሁሉ ትልቁ ሆኖ ይቀራል፤ ጥቅም ስለሌለው ከዚያ በላይ ማንም አይደክምበትም የሚል ሐሳብ ሰጥቶ ነበር። (ፍጹም ቁጥር የሚባለው ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው፤ 6 ማለት 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ እንደሆነ ማለት ነው።) ባርሎ ተሳሳተ። ሉካስ በ1876 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር 39 አኃዝ ያለውን 2¹²⁷ − 1ን በእጅ ስሌት አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታወጀው የመርሴን ብቸኛ ቁጥር ደግሞ 41,024,320 አኃዝ አለው፤ ቢታተም በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ይሞላል።

ጥቅሙም ቢሆን መጥቷል። የኮል ነገር አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን ብዜቱን መልሶ መለያየት ግን የዓመታት ሥራ ነው። ሪቨስት፣ ሻሚር እና ኤድልማን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1977 በዚሁ ልዩነት ላይ የተመሠረተ የምስጢር መልእክት መቆለፊያ ሠሩ። የእኛም ቁጥር ሥራ አላጣም። አንድ ቁጥር መርጠን በ16,807 እያባዛን፣ ለ2,147,483,647 እያካፈልን ቀሪውን ብንይዝ፣ እንደገናም እንዲሁ ብናደርግ፣ 2,147,483,646 የተለያዩ ቁጥሮች ሳይደገሙ ይወጣሉ። ኮምፒዩተሮች ዕጣ እንደማውጣት ያለ ሥራ ሲሠሩ በዚህ ዘዴ ለብዙ ዘመን ተጠቅመዋል። ዘዴው የሚሠራው ደግሞ ቁጥሩ ብቸኛ በመሆኑ ነው።

ይኸው ቁጥር በሌላም በኩል የኮምፒዩተር ድንበር ነው። በ32 ቤቶች የሚቆጥር መሣሪያ አንዱን ቤት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ከተወ፣ በቀሩት 31 ቤቶች ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር ይህ ነው። ብዙ የቆዩ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰከንድ ነው። ቆጠራው 2,147,483,647 ላይ የሚደርሰው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይሆናል። በሚቀጥለው ሰከንድ ያልተስተካከለ መሣሪያ ሁሉ ዘመኑን ወደ ኋላ መልሶ 1901 እ.ኤ.አ. ሊያደርገው ይችላል። እርግጥ ነው፣ እዚህ ላይ ብቸኛ መሆኑ ሥራ የለውም፤ ድንበሩ የመጣው ከእጥፍ አቆጣጠሩ ነው። ቢሆንም ተማሪዎቻችን ሊያዩት ስለሚችሉት ቀን መናገር ትምህርቱን ሕይወት ይዘራበታል።

በመጨረሻም ዋናው አስተያየታችን ይህ ነው። አንደኛ፣ በሰሌዳ ላይ የምንጽፈውን ቁጥር ሁሉ ተማሪው የሚፈትንበትን መንገድ አብረን እንስጠው። «91 ብቸኛ ነው» ከማለት «91 ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም? አራት ጊዜ አካፍላችሁ ንገሩኝ» ማለት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ተማሪ ሲያርመን ሥራውን በሰሌዳ ላይ እንዲሠራው ጠመኔውን እንስጠው። ሦስተኛ፣ ለ«ለምን?» የሚሰጠው መልስ «መጽሐፉ ስላለ» መሆኑ ይብቃ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ክፍሉ ይረበሻል፤ መምህሩም ይናቃል፤ ሰዓትም አይበቃም» ይሉናል። የሰዓቱ ነገር እውነት ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱን መጨረስ አለብን። ነገር ግን በየሳምንቱ አንዲት ጥያቄ እስከ ሥሯ መፈተን የሚያቅት አይመስለንም። ንቀቱን በሚመለከት ደግሞ እኛ የምንመሰክረው አለን። ያን ዕለት ልጅቷን ስናስቀምጥ አልተከበርንም፤ ተፈራን እንጂ። ፊቷን አይተናል። 13 እና 7ን በትክክል እያወቀች ያወቀችውን እንድትጠራጠር አደረግናት። መምህር ሊሠራው የሚችል ከዚህ የከፋ ነገር አናውቅም።

ስለዚህም የልምምድ አስተባባሪያችንን አስፈቅደን፣ የዚያን ክፍል መምህር አስጠይቀን፣ የፊታችን ሰኞ ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለሳለን። 10 ደቂቃ ተሰጥቶናል። በሰሌዳው ላይ 91ን ጽፈን ጠመኔውን ለልጅቷ እንሰጣታለን። ሌሎቹም ደብተራቸውን አውጥተው 91ን ይሰርዛሉ። ማን አርሞን እንደሆነም በስሟ ጠርተን ለክፍሉ እንናገራለን።

እስከዚያው ግን አንድ ግብዣ አለን። 373ቱን ቁጥሮች ከዚህ ጽሑፍ ጎን በተለጠፈው ወረቀት ላይ ዘርዝረናቸዋል። 63፣ 249፣ 311፣ 497፣ 559 እና 1,303 ተሠርተዋል። እያንዳንዳችሁ የምትችሉትን ያህል መርጣችሁ አካፍሉና ቀሪውን በአጠገቡ ጻፉ፤ ማን እንደሠራውም ይፈርም። የኛን ሁለት ማካፈልም ደግማችሁ ሥሩት። ስሕተት ካገኛችሁ ሳታፍሩ በቀይ አርሙን።

ቸር እንሰንብት!